ስኳድራ በማይገባበት ጥግ፤ በወላይታ ሶዶ የእንጨት ሥራ ዘዌን ስለ መውሰድና ስለ ማስተላለፍ



በእንጨት ሥራ ሙያ ውስጥ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ገጽ ያልተሰጠው፣ ነገር ግን በየቀኑ ሳንቃና ገንዘብ የሚበላ አንድ ችግር አለ። ይኸውም መሣሪያ በማይገባበት ጠባብ ሥፍራ የሚገኝን ዘዌ ከነበረበት ወስዶ፣ በመንገድ ላይ ሳይዛባ ወደ ሥራ ጠረጴዛ አምጥቶ፣ በእንጨቱ ላይ እንደነበረ ማስፈር ነው። የሒሳብ መምህሩ ዘዌ የሚለውን አናጢው ማዕዘን ይለዋል። በዚህ ንግግር ግን በሁለት መስመሮች መካከል ያለው መከፈት ዘዌ፣ ሁለት ግድግዳዎች የሚገናኙበት ሥፍራ ደግሞ ጥግ ተብለው ቢለዩ ነገሩን ለመከተል ይቀላል።

ወላይታ ሶዶ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የምትሆን ከተማ ናት። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ይህች ከተማ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ስትሆን፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህም የክልሉ አስተዳደር ማዕከል ሆናለች። በከተማይቱ ሦስት ዓይነት ቤት ጎን ለጎን ይታያል፤ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ጭቃ የተመረገው ነባሩ ቤት፣ በብሎኬት የተሠራው ቤትና ባለ ፎቁ የኮንክሪት ሕንፃ። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል ደግሞ ክብ የሆነው የሣር ቤት አለ። እያንዳንዱ ለአናጢው የየራሱን አስቸጋሪ ጥግ ያቀርብለታል።

ከሁሉም የሚከብደው የጭቃው ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ከታች ወፍሮ ከላይ የሚቀጥን በመሆኑ፣ ቋሚው ቀጥ ብሎ ቢተከል እንኳ ፊቱ ያዘነብላል። በላዩ የሚለጠፈው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንደገና ይመረጋል፤ በየጊዜው በሚጨመረው ምርጊትም ግድግዳው አንድ ቦታ ሆድ ያወጣል፣ ሌላ ቦታ ይጎደጉዳል። የቤቱ ባለቤት ግን አናጢውን ጠርቶ በበሩ መቃንና በጥጉ መካከል ባለችው የ40 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ መደርደሪያ እንዲገጥምለት ሲያዝ፣ ግድግዳው ጠማማ ነው የሚል ምክንያት አይቀበልም። መደርደሪያው ገብቶ ከኋላው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቢታይ የሚወቀሰው የግድግዳው ሠሪ ሳይሆን የመደርደሪያው ሠሪ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆይ፤ ሥራው ግን በዚሁ ፍርድ ይመዘናል።

ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የ1 ዲግሪ ስሕተት በወረቀት ላይ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። ነገር ግን በ50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ሜትር ላይ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ይሆናል። ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ግድግዳዎች የሚገናኙበት ጥግ 90 ሳይሆን 92 ዲግሪ ነው እንበል። አናጢው እንደ ልማዱ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ጠፍጣፋ ክፈፎች በ45 ዲግሪ ቆርጦ ቢያጋጥም፣ እያንዳንዱ ክፈፍ ግድግዳውን ተከትሎ ሲተኛ በመጋጠሚያው መካከል የ2 ዲግሪ ሽብልቅ ባዶ ይቀራል። ይህም በሚታየው የውስጥ ጫፍ በኩል 4 ሚሊ ሜትር ያህል የተከፈተ አፍ ነው። ጥጉ 88 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጣል፤ የውስጥ ጫፎቹ አስቀድመው ይነካኩና ክፍተቱ ከኋላ፣ ከግድግዳው በኩል ይደበቃል። ከዝርጥ ዘዌ ይልቅ ሹል ዘዌ ለአናጢው ምሕረት አለው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ምንም እንኳ ክፈፉ እስከ ጥጉ ድረስ ባይቀመጥም።

ታዲያ ለምን አይለካም? የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ የ3፣ የ4 እና የ5ን ስሌት ያውቃል። በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት ተደርጎ በመካከላቸው ያለው ሰያፍ 100 ቢሆን ጥጉ ማዕዘናዊ ነው። ሰያፉ 102 ሆኖ ቢገኝ ጥጉ 92.4 ዲግሪ ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት በሰፊ ክፍል ውስጥ እጅግ የታመነ ነው። ቦታው ሲጠብ ግን ይከዳል። ጎኖቹ 30 እና 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ፣ በሰያፉ ንባብ ላይ የሚፈጸም የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ሩብ ዲግሪ ያህል ያዛባል። ጎኖቹ 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ ደግሞ ያው 1 ሚሊ ሜትር ግማሽ ዲግሪ ይሆናል። የሜትሩ የብረት ጫፍ ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር መሳት የማንም ዕጣ ነው። እንግዲህ ቦታው በጠበበ ቁጥር መለካት ይበልጥ አደገኛ፣ ሳይለኩ ማስተላለፍ ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። ዘዌው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ የመሐንዲሱ ፍላጎት ሊሆን ይችላል፤ አናጢው የሚፈልገው ግን ያንኑ ዘዌ ራሱን እንጂ ስሙን አይደለም።

ለዚህ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ምላሱ በቡለን ላይ የሚሽከረከረው ስኳድራ ነው። ስኳድራ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ዳዶ የሚሉትን ቃላት ያወረሰን የጣሊያንኛ ቋንቋ ይህን መሣሪያ «ፋልሳ ስኳድራ» ማለትም ሐሰተኛ ስኳድራ ይለዋል። ስሙ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በጠማማ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። ችግሩ እጀታው ወፍራም፣ ምላሱ ረጅም፣ የሚያጠብቀው ዳዶም ወደ ጎን የወጣ መሆኑ ነው። መቃኑ ከጥጉ አንድ ስንዝር በማይርቅበት ቦታ አይገባም፤ ቢገባም ዳዶውን የሚያጠብቅ እጅ አብሮት አይገባም።

መፍትሔው ከአውደ ጥናት ሳይሆን ከወርክሾፕ ወለል ላይ ይለቀማል። የተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ በየቦታው ይጣላል። ከዚህ ሁለት ቁራጭ ተወስዶ፣ ጥርሱ በሞላ ተሞርዶ ጠርዙ ቀጥ ከተደረገ በኋላ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ በአንዲት ሪቬት ቢያያዝ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ርዝመቱ እንደ ቦታው የሚወሰን ማዕዘን መውሰጃ ይሆናል። ሪቬቱ በመዶሻ የሚመታው እግሮቹ በራሳቸው እንዳይወድቁ፣ በጣት ሲገፉ ግን እንዲንቀሳቀሱ በሚያደርግ ልክ ነው። መለኪያው መከፈት ያለበት ጠርዞቹ ግድግዳውን እስኪነኩ ነው እንጂ እስኪጫኑት አይደለም፤ የተጫነ ምላጭ ይጎብጣል፣ የጎበጠውም የራሱን ዘዌ ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ሠራተኞችን የሚያሰናክል ነገር አለ። መለኪያው በጥጉ ውስጥ በትክክል ተከፍቶ ሳለ፣ በጠባቡ አፍ በኩል ሲወጣ መቃኑን ይነካና ይዘጋል። ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን የሚያስቀር ቀላል ብልሃት አለ። መለኪያው በጥጉ ውስጥ እንዳለ፣ አንደኛው እግር በሌላው ላይ በሚያልፍበት ቦታ በሹል እርሳስ ወይም በመርፌ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይሰመራል። ከዚያ በኋላ መለኪያው ያለ ስጋት ታጥፎ ይወጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ጠርዙ ከመስመሩ ጋር እስኪገጥም ድረስ እንደገና ይከፈታል። ለዚህ ሲባል እግሮቹ የሚደራረቡበት ክፍል ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ በጠባብ መደራረቢያ ላይ የተሰመረ አጭር መስመር እንደገና ሲገጥም ይሳሳታል። የመጋዝ ምላጭ ለዚህ ጠባብ በመሆኑ በአንደኛው እግር ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ቁራጭ መለጠፍ ይቻላል።

ከዚህ ሌላ፣ የመማሪያ ክፍል ጂኦሜትሪ ለአናጢው በነጻ የሚሰጣቸው ሁለት ስጦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ትይዩ መስመሮች የዘዌን መጠን የማይለውጡ መሆናቸው ነው። ጥጉ ውስጥ ምርጊት ተጠራቅሞ የመለኪያውን ጫፍ የሚያግድ ከሆነ፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጣውላዎች በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ተደግፈው ዘዌው በእነርሱ ፊት ላይ ይወሰዳል። ጣውላዎቹ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ስለሆኑ ዘዌው ያው ነው። የጭቃ ግድግዳ ሆድ ሲኖረው ደግሞ ይኸው ጣውላ ጉብታውን ተሻግሮ አጠቃላይ አቅጣጫውን ስለሚያሳይ ጥቅሙ ድርብ ነው። ሁለተኛው ስጦታ የሚቋረጡ ሁለት ቀጥታ መስመሮች በተቃራኒው ወገንም ያንኑ ዘዌ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። የመለኪያው እግሮች ከሪቬቱ ወደ ኋላ እንዲያልፉ ተደርገው እንደ መቀስ ቢሠሩ፣ ከውስጥ ሊታይ የማይችለው ዘዌ ከውጭ፣ በሠራተኛው ፊት ይነበባል።

ግድግዳው አንድ ዘዌ ብቻ ሳይሆን ሦስትና አራት ስብራት ያለው ሲሆን ግን ማንኛውም የሚታጠፍ መለኪያ አይበቃም። በዚህ ጊዜ ጀልባ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይመረጣል። አንድ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ መደርደሪያው በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ፣ ግድግዳውን እንዲነካ ሳያስፈልግ፣ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ይተኛል። አንድ ጫፉ የሾለና በጎኑ ላይ አንድ ቦታ የተቦረቦረ ቀጭን ዱላ ይዘጋጃል። የዱላው ጫፍ በግድግዳው አንድ ነጥብ ላይ ይደረግና ዱላው በኮምፔንሳቶው ላይ ሲያርፍ ጎኑ በእርሳስ ይሰመራል፤ የቡርቡሩም ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ሁለተኛው ነጥብ፣ ሦስተኛው፣ ዐሥረኛው እንዲሁ ይወሰዳል፤ ለየመስመሩም ቁጥር ይሰጠዋል። በኋላ ኮምፔንሳቶው ወጥቶ በእውነተኛው ሳንቃ ላይ ይቀመጥና ዱላው በየመስመሩ ላይ እንደገና ሲተኛ፣ ጫፉ የግድግዳውን ነጥብ በሳንቃው ላይ ያሳያል። ነጥቦቹ ሲያያዙ የግድግዳው ቅርጽ ይገኛል። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድም ቁጥር አልተነበበም፤ አንድም ዲግሪ አልተጠራም። ከሰነፍ ሠራተኛ በቀር ሊያበላሸው የሚችል ነገር ብዙ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን የካርቶን ቁራጭ አለ። ቀጥ ብለው የተቆረጡ ሁለት የካርቶን ስንጣቂዎች በጥጉ ውስጥ እየተገፉ ከግድግዳው ጋር ይገጠሙና በኮላ ወይም በወረቀት ማጣበቂያ በዚያው ይያያዛሉ። ሦስተኛ ስንጣቂ እንደ ሰያፍ ከተለጠፈበት ቅርጹ አይንቀሳቀስም፤ ሦስት ጎኖቹ የታወቁ ጎነ ሦስት ዘዌውን መለወጥ አይችልምና።

በባለ ፎቁ ሕንፃ የሚገኘው ችግር ሌላ መልክ አለው። ግድግዳው በአንጻሩ ቀጥ ያለ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ከደረጃው በታች ያለውን ቦታ በቁም ሣጥን መሙላት ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል እርከኑ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 28 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ቢኖረው፣ የደረጃው ሆድ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ዘዌ 31 ዲግሪ ከሩብ ያህል ነው። በዚህ ሹል ጥግ ውስጥ ክንድም መለኪያም አይገባም። ነገር ግን ወደ ጫፉ መድረስ አያስፈልግም። ቦታው ሰፋ ባለበት በኩል ከደረጃው ሆድ በሁለት ነጥቦች ላይ ቱምቢ ይወርዳል። በወለሉ ላይ ያለው ርቀት 100 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሁለቱ ከፍታ ልዩነት 60.7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ እነዚያው ሁለት ቁጥሮች በሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ በሙሉ ልካቸው ይሣላሉና ዘዌው ይገኛል። እዚህ ርዝመቱ ሰፊ በመሆኑ ቁጥር ይታመናል። ወለሉ ውሃ ልኩን የጠበቀ ስለ መሆኑ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም።

ወደ ገጠሩ ክብ ቤት የተመለከተ ሰው ደግሞ ሌላ ትምህርት ያገኛል። በጣሪያው ጫፍ ላይ ወራጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ሥፍራ ስለሚሰበሰቡ፣ ከዚያ የጠበበ የሥራ ቦታ በቤቱ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ በዲግሪ ቀድሞ ሠርቶ መምጣት ከንቱ ድካም ነው፤ እያንዳንዱ ግንድ የራሱ ጉብጠት አለው። እንጨቱን በቦታው አቅርቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር አስተያይቶ፣ ምልክት አድርጎ፣ አውርዶ መጥረብና መልሶ መሞከር ከሁሉም የሚያዋጣ መንገድ ነው። ዘመናዊው አናጢ በኮምፓስ የግድግዳን ቅርጽ በሳንቃ ጠርዝ ላይ ሲያሰምር የሚሠራው ከዚሁ የተለየ አይደለም። በአገራችን በጠባብ ሥፍራ የተፈጸመ የእንጨት ሥራ ሲነሣ ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሊዘነጋ አይገባውም፤ እንጨትና ድንጋይ በረድፍ እየተደራረበ በዋሻው ጣሪያ ሥር የታነጸው ይህ ሕንፃ፣ በጂኦሜትሪ ቅርጾች ያጌጠ የእንጨት ኮርኒስ አለው።

ዘዌው ጠረጴዛው ላይ ከደረሰ በኋላ መጋጠሚያውን ለማውጣት ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ይህም በኮምፓስ ይፈጸማል፤ ከጫፉ በእኩል ርቀት በሁለቱ ጎኖች ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ከሁለቱ ምልክቶች የሚነሡ ሁለት እኩል ቅስቶች የሚገናኙበት ነጥብ ከጫፉ ጋር ይያያዛል። የመቁረጫ ማሽኑ የግድ ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ሌላ ዘዴ አለ። የዘዌው ጎኖች በሰፊ ሳንቃ ላይ ወደ ውጭ ይቀጠላሉ፤ በስኳድራ 90 ዲግሪው ይቀነስለትና የተረፈው ትንሽ ዘዌ ብቻ ይለካል። ከጫፉ 57.3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ እያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት 1 ዲግሪ ነው። ክፍተቱ 2.4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥጉ 92.4 ዲግሪ፣ መቁረጫውም 46.2 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። ይህ አቆጣጠር ለትንንሽ ዘዌዎች እንጂ ከ30 ዲግሪ በላይ ለሆኑት አይመከርም።

ትክክለኛ ሆኖ የተቆረጠ መጋጠሚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ለምን ይከፈታል የሚለው ጥያቄም መነሣቱ አይቀርም። እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን የሚጠበው ከቁጥር አይገባም። በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ክፈፍ ስፋቱ በመቶ 4 ቢቀንስ ዘዌው ወደ 43.8 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሁለቱ ክፈፎች ሲደመሩ በውስጥ ጫፋቸው ከ2 ዲግሪ በላይ ይከፈታሉ። በክረምት ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ ክፈፍ በበጋ አፉን ሲከፍት የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ መለኪያው ነው። መለኪያው ግን በደል የለበትም፤ ያልደረቀ እንጨት መሸጥና መግዛት እንጂ።

የሳንቃው ነገር ከተነሣ ደግሞ የጉዳዩ ክብደት ይታያል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በኋላ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች ቢተካም፣ አገር በቀሉ ዛፍ እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን ግን አልተመለሰም። የወላይታ ገጠር በሕዝብ ብዛት ከአገራችን እጅግ ከተጨናነቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። በሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ኮረብታ በማኅበረሰቡ ጥበቃ እንዲያገግም የተደረገበትና በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን አሠራር የተመዘገበው ሥራም ደን እንዲመለስ እንጂ ሳንቃ እንዲወጣ የታሰበ አይደለም። ስለዚህ በሶዶ፣ በአረካ ወይም በቦዲቲ ያለ አነስተኛ ወርክሾፕ አንድ የዋንዛ ሳንቃ በተሳሳተ ዘዌ ቢቆርጥ፣ የተጎዳው የሳንቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሥራው ትርፍ በሞላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በመጋዝ ዱቄትና በኮላ ክፍተት መሙላት ነው፤ እርሱም ቀለም ሲቀባ ራሱን ያጋልጣል።

በመሆኑም ሥልጠናው ሊፈተሽ ይገባዋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያ የትምህርት ዘርፎቹ አንዱ የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሙያ ማሠልጠኛ በየዞኑ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ሠልጣኙ የሚሠራው በተስተካከለ ጠረጴዛ፣ በተላገ ጣውላ፣ በ90 እና በ45 ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ወጥቶ የሚገባበትን ቤት አያውቀውም። በማሠልጠኛው ወርክሾፕ አንድ ማእዘን ላይ ሆን ተብሎ ጠማማ የሆነ፣ ከፊቱ መቃን የተደቀነበት፣ በጭቃ የተመረገ ጥግ ቢሠራ ወጪው ጥቂት የባሕር ዛፍ ግንድና የአንድ ቀን ጉልበት ነው። የሠልጣኙ ፈተናም በዚያ ጥግ ውስጥ ያለ አንዳች ዲግሪ መደርደሪያ መግጠም ይሁን። ዲጂታል ማዕዘን መለኪያ መልካም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ጠማማውን ጥግ በካርቶን ለማያነብ ሠልጣኝ የባትሪ መለኪያ መስጠት ቅደም ተከተልን ማፋለስ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም የተወሰደውን ቅርጽ አያያዝ ነው። ዘዌው በትክክል ተወስዶ፣ ካርቶኑም በደንብ ተለጥፎ ሳለ ሳንቃው የተበላሸበት ምክንያት ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ነው፤ ካርቶኑ ተገልብጦ ተቀምጧል። በግራ ጥግ የተወሰደው ለቀኝ ሆኖ ይቆረጣል። ስለዚህ ቅርጹ ገና በጥጉ ውስጥ ሳለ በላይኛው ፊቱ ላይ «ላይ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ግድግዳውን የነካው ጠርዝ በቀስት ይመልከት፤ የክፍሉና የመደርደሪያው ቁጥርም ይጨመርበት። ሦስት መደርደሪያ ለአንድ ጥግ የሚሠራ ከሆነ ሦስት ካርቶን ያስፈልጋል፤ የጭቃ ግድግዳ በጉልበት ቁመት ላይ ያለው ዘዌ በትከሻ ቁመት ላይ ካለው ጋር አንድ አይሆንም። ካርቶኖቹ ሥራው ተገጥሞ ባለቤቱ እስኪረከበው ድረስ አይጣሉ።